ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የእኔ ከዚህም ይብሳል፤ ቸኩዬ አፈሰስኩ፣ መልቀም ግን አልቻልኩም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው። በትምህርት ክፍላችን ከላብ እስከ ዶርም እንደ ሕግ ስለያዝነው አንድ ልማድ የሚሰማኝን ልናገር እወዳለሁ። ልማዱ «ፎርማት አድርገው!» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በዶርማችን «ኮምፒውተር የሚያውቀው» እኔ ነበርኩ። እኛ ትምህርት ክፍል የገባ ሰው ይህን ስም ሳይፈልገውም ያገኘዋል። የማንም ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ የማንም ፍላሽ አልከፈት ሲል «እሱን ጥሩት» ነው። እኔም ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ማታ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ አንድ ወር ገደማ ቀርቶታል። ስክሪኑ በአራቱም ማዕዘን «ሴፍ ሞድ» ይላል። ጀርባው ጠቁሯል፣ አይኮኖቹ አብጠዋል፣ ድምፅ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ቢያጠፋው፣ ቢያበራው፣ ሪስታርት ቢያደርገው ያው ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«ቫይረስ ነው» አልኩት፣ ገና ሳልነካው። «ፎርማት ካልተደረገ አይድንም።»

«ፋይሎቼስ?»

«አታስብ፣ እገለብጥልሃለሁ።»

ዴስክቶፕ ላይና ዶክዩመንት በሚለው ፎልደር ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ከዚያ ዲስኩን ጠርጌ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ። ላፕቶፑ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። ጓደኛዬ አመስግኖኝ ሻይ ጋበዘኝ። በነጋታው ግን ከቁርስ በፊት መጣና «የቃለ መጠይቁ ፎልደር የት አለ?» አለኝ። ፎልደሩ ለካስ ዴስክቶፕ ላይም ዶክዩመንት ውስጥም አልነበረም፤ ቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ ነው ያስቀመጠው። በዕረፍቱ ጊዜ አገሩ ሄዶ ሽማግሌዎችን እየዞረ የቀዳቸው ድምፆች ነበሩበት። ስልኩ ቦታ ስላጣ ከስልኩ ላይ አጥፍቷቸዋል። ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችን ሞከርን። የተገኙት ቁርጥራጮች አልከፈት አሉ፤ አዲሱ ዊንዶውስ ላያቸው ላይ ተጽፏል። በወረቀት የነበሩትን መጠይቆች እንደገና ሌሊት እየተቀመጠ አስገባቸው። ድምፆቹ ግን በዚያው ቀሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላብ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ልክ እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። «ፎርማት ላድርገው?» ብዬ የላብ አሲስታንታችንን ጠየቅኩ። እሱ ምንም ሳይመልስልኝ አንድ መስኮት ከፈተ፣ አንዲት የራይት ምልክት አነሳ፣ ሪስታርት አደረገ። ኮምፒውተሩ በሰላም ተነሳ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ነገር በአንዲት ምልክት ምክንያት ነበር!

በኋላ ጓደኛዬን ስጠይቀው አልጠፋ ያለውን አንድ ፕሮግራም ለማስወገድ ቪዲዮ እያየ ሴፍ ሞድ ውስጥ እንደገባ ነገረኝ። ቪዲዮው ምልክቱን አድርግ ሲለው አድርጓል። ምልክቱን መልሰህ አንሳ የሚለውን መጨረሻውን ግን አላየውም። እኔም አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ይህንኑ ይነግረኝ ነበር። «ከዚህ በፊት ምን ነክተህ ነበር?» ማለት አምስት ቃል ነው። አምስት ቃል አላወጣሁም።

እንግዲህ አቋሜን ላስቀምጥ። ሴፍ ሞድ በሽታ አይደለም፤ መመርመሪያ ነው። ከመመርመሪያ ክፍል መውጣት ያለብን ደግሞ መርምረን እንጂ ቤቱን አፍርሰን አይደለም። የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ከሌላው የሚለየው ፎርማት ማድረግ በመቻሉ አይደለም፤ ፎርማት ማድረግን ማንም ይችላል።

ሴፍ ሞድ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን የምናውቅ ይመስለናል። ዊንዶውስ በደህናው ቀን ሲነሳ ብዙ ጓዝ ይዞ ነው። የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር፣ የድምፁ፣ የዋይፋዩ፣ የፕሪንተሩ፣ አንቲቫይረሱ፣ እኛም ባለፈው ሳምንት የጫንነው ማንኛውም ነገር አብሮ ይነሳል። በሴፍ ሞድ ሲነሳ ግን ያለ እነሱ ጨርሶ መቆም የማይችላቸውን ጥቂት ድራይቨሮችና ሰርቪሶች ብቻ ይዞ ይነሳል። አይኮኖቹ የሚያብጡት የግራፊክሱ ድራይቨር ስላልተጫነ ነው። ድምፅ የሌለው የድምፁ ድራይቨር ስለቀረ ነው። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ጓዙን አራግፎ ነው የቆመው።

በእኛ ቤት የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው አጥሚት ነው። አጥሚቱን ከያዘለት፣ «ሆዱስ ደህና ነው፣ ያመመው የበላው ነገር ነው» እንላለን። ሴፍ ሞድም የኮምፒውተር አጥሚት ነው ብል አልተሳሳትኩም። ኮምፒውተራችን በሴፍ ሞድ ደህና ሆኖ ከሠራ ትልቅ ነገር ነገረን ማለት ነው። ዊንዶውሱ በመሠረቱ ደህና ነው፤ ራሙም ዲስኩም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በላዩ ከተጫነው ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ዘንድ ነው። እኛ ግን ይህንን መልስ ሰጥቶን ሳለ መልሱን ሳንሰማ ዲስኩን እንጠርጋለን። በሴፍ ሞድም መነሳት ካቃተው ያኔ ሌላ ነገር ማሰብ ይቻላል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ሴፍ ሞድ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ዊንዶውስ 95 ጀምሮ አለ። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 8ን ደጋግሞ መጫን ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ሲባል ያ መንገድ ተዘጋ። አሁን ሺፍትን ይዞ ሪስታርት የሚለውን መጫን፣ ከሚመጣው ገጽ የመነሻ ምርጫዎችን ማውጣት፣ ከዚያም 4 ወይም 5 ቁጥርን መምረጥ ነው። በዚህ መንገድ የገባ ሰው መውጫው ቀላል ነው፤ ሪስታርት ማድረግ ብቻ። የጓደኛዬ ዓይነት ጣጣ የሚመጣው በሌላኛው በር ለገባ ሰው ነው።

ሌላኛው በር ኤምኤስኮንፊግ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አር የሚለውን አንድ ላይ ተጭነን፣ በሚመጣው ሳጥን ኤምኤስኮንፊግ ብለን በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን። ቡት የሚለውን ስንነካ «ሴፍ ቡት» የምትል ምርጫ አለች። ያቺ ምልክት ከተደረገች ኮምፒውተሩ እስክትነሳ ድረስ ሺህ ጊዜ ሪስታርት ቢደረግም በሴፍ ሞድ ነው የሚነሳው። ታዘዘ፣ ታዛዥ ነው፤ ምን ያድርግ? መውጫውም ያው ራሱ መግቢያው ነው፦ ምልክቷን አንስቶ፣ እሺ ብሎ፣ ሪስታርት ማድረግ። እዚያው አጠገብ «ምርጫዎቹ ሁሉ ቋሚ ይሁኑ» የምትል ሌላ ሳጥን አለች። እሷን እንዳትነኳት አደራ።

አንዳንዴ ደግሞ ዴስክቶፑ ጨርሶ አይመጣም፤ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ብቻ ይወጣል። ሰው «በቃ ሞተ» ብሎ ፍላሹን ሊፈልግ ይሄዳል። ይህ ከሴፍ ቡት ምርጫዎች አንዱ እንጂ ሞት አይደለም። እዚያው ጥቁሩ መስኮት ላይ ኤምኤስኮንፊግ ብሎ መጻፍና ያንኑ ምልክት ማንሳት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ወጥመድ የዘመኑ ላፕቶፖች ላይ ያለው ነው። ብዙዎቻችን የምንገባው በፒን ቁጥር ነው፤ ፓስወርዳችንን ከረሳነው ቆይተናል። በሴፍ ሞድ ደግሞ ፒኑ «አሁን አይሠራም» ሊል ይችላል። ያቺ ምልክት ተደርጋ ፓስወርዱም ከጠፋ፣ ሰውየው ወደ ውስጥ አይገባ፣ ምልክቷን አያነሳ፣ ውጭ ቀረ። ይህም ቢሆን መላ አለው። መግቢያው ገጽ ላይ እያለን ሺፍትን ይዘን ሪስታርት ስንል የጥገናው ገጽ ይመጣል። ከዚያ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቶ ቢሲዲኤዲት በሚባለው ትእዛዝ ሴፍቡት የተባለውን እሴት መሰረዝ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን እዚህ ላይ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ ሴፍ ሞድ ከመግባታችሁ በፊት ፓስወርዳችሁንና ይህንን ቁጥር አግኝታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ገብቶ መፈለግ ቤት ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ መተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ምልክቷን አንስተን፣ ሪስታርት አድርገን፣ ኮምፒውተሩ ግን በደህናው መንገድ አልነሳ ቢልስ? ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ መልሶ ቢያጠፋውስ? ትምህርታችን የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ» ነው። መጀመሪያ ሴፍ ሞድ ውስጥ ተመልሶ ፋይሉን ሁሉ ወደ ውጭ መገልበጥ። ሴፍ ሞድ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ፍላሽና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያነባል። ከዚያ የመጨረሻው ለውጥ ምን እንደነበር መጠየቅ። አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር ከነበረ በዲቫይስ ማኔጀር በኩል ወደ ቀድሞው መመለስ። ቀድሞ የተቀመጠ የመመለሻ ነጥብ ካለ በሲስተም ሪስቶር ወደዚያ ቀን መመለስ። ጥፋተኛው ፕሮግራም ከሆነም ማስወገድ፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚናደድበት ነገር አለ። ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚባለው ሰርቪስ በሴፍ ሞድ ስለማይነሳ ብዙ ፕሮግራሞች እዚያ ሆኖ ማስወገድ አይቻልም። «ሴፍ ሞድም አልሠራም» ብለው ወደ ፎርማት የሚሮጡት በዚህ ጊዜ ነው።

መላው እዚያው ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ነው። ሰርቪስ የሚለውን ከፍተን የማይክሮሶፍትን ሰርቪሶች ከዝርዝሩ እንሰውራቸዋለን። የቀሩት እኛ የጫንናቸው ናቸው፤ እነሱን አጥፍተን በደህናው መንገድ እናስነሳለን። ከተነሳ ጥፋተኛው ከመካከላቸው አንዱ ነው። ግማሾቹን መልሰን እናበራለን። ታመመ? ከበሩት መካከል ነው። አልታመመም? ከጠፉት መካከል ነው። እንዲህ እያልን በግማሽ በግማሽ ስንከፍል 16 ሰርቪስ ቢኖር በ4 ሪስታርት፣ 32 ቢኖር በ5 ሪስታርት ጥፋተኛው ይያዛል። ይህ እኮ በመጀመሪያ ዓመት የተማርነው ባይነሪ ሰርች ነው! ለፈተና ሸምድደነው «ኤ» ያገኘንበት፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያገለግል ማንም ያልነገረን። የተማርነውና የምንሠራው እንዲህ ተራርቀው ሲገኙ ያሳፍራል።

አንዳንድ ወንድሞች «ምን አደከመህ፣ ፎርማት ይቀላል፤ በአንድ ሰዓት አልቆ ሻይ ትጠጣለህ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሻዩንም ጠጥቼዋለሁ። ደግሞም ፎርማት ጭራሽ አይደረግ እያልኩ አይደለም። ላብ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የማንም የግል ፋይል አይቀመጥባቸውም። አንዱ ሲታመም የተዘጋጀውን ቅጂ መልሶ መጫን ትክክል ነው፤ አንድ አሲስታንት ለዚያ ሁሉ ማሽን እየዞረ ይመርምር ማለት አይቻልም። ቫይረስም ሥር ከሰደደ ጠርጎ መጫን ይመረጣል። የእኔ ክርክር ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ፎርማት መጨረሻ ላይ ያለ ውሳኔ ነው፤ እኛ መጀመሪያ አደረግነው። ላብ ውስጥ የለመድነውንም እጅ ይዘን የሰው ላፕቶፕ ላይ ሄድን። የሰው ላፕቶፕ ውስጥ ግን ሰው አለ።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ይሠራ የለ እንዴ፣ ለምን ትነካዋለህ» ብለው ሴፍ ሞድ ውስጥ የሚከርሙ አሉ። አንድ የማውቀው ልጅ ሳምንት ሙሉ አሳይመንቱን በሴፍ ሞድ ሲጽፍ ነበር። ይህም አይበጅም። በሴፍ ሞድ አብዛኛው አንቲቫይረስ አይነሳም። ይህንን ክፉዎቹም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሶፎስ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ስናች ስለሚባል ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ራሱ ሪስታርት አድርጎ በሴፍ ሞድ ያስነሳና ጠባቂው በሌለበት ፋይሉን ሁሉ ይቆልፋል። አጥሚት ለበሽተኛ እንጂ ለዕድሜ ልክ አይሆንም።

በዓለም ላይ የሆነውንም እንይ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ስህተት ያለበት አንድ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ወደቁ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ፣ ባንኮች ተቸገሩ። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሳውም፣ አስቀድመው የወደቁት ኮምፒውተሮች መነሳት ስላቃታቸው እርማቱን መቀበል አልቻሉም። የተሰጠው መፍትሔ ምን ነበር? በሴፍ ሞድ ወይም በጥገናው ገጽ አስነስቶ፣ ድራይቨሮች ከሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ያንን አንድ ፋይል አጥፍቶ፣ በደህናው መንገድ ማስነሳት። ባለሙያዎች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞሩ ይህንኑ ሲያደርጉ ሰነበቱ። ብዙዎቹም የቢትሎከሩን ቁጥር ፍለጋ ሲንከራተቱ ነበር። በዚያ ቀን ዋጋ ያለው ሰው ገብቶ፣ ያንኑ አንድ ፋይል አውቆ፣ አጥፍቶ መውጣት የሚችለው ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ሐሳብ አለኝ።

አንደኛ፣ የጥገና ኮርሳችን የተግባር ፈተና ይለወጥ። እስካሁን «ዊንዶውስ ጫን» ነው የምንባለው። መምህሮቻችን ሆን ብለው ያሳመሙትን ኮምፒውተር ይስጡን፤ ፎርማት ማድረግ ግን ክልክል ይሁን። ነጥቡም ለመዳኑ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጽፎ ላስረዳ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ ላባችን በር ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ምን ታየ፣ ምክንያቱ ምን ነበር፣ በምን ዳነ ተብሎ ይጻፍበት። የላብ አሲስታንታችን ያቺን ምልክት ያነሳት ከዚህ በፊት አይቷት ስለነበር ነው። የእሱ ዕውቀት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ እሱ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ፎርማት ያደረገ ሰውም ይጻፍ፣ ከምክንያቱ ጋር። ምክንያቱን ለመጻፍ ብዕር ስናነሳ ብዙዎቻችን እጃችን የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ የሰው ኮምፒውተር የምንነካ ሁሉ ከመንካታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ከዚህ በፊት ምን ነክተህ ነበር? የማይተካ ፋይል አለህ ወይ? ካለስ የት የት ነው ያስቀመጥከው? ባለቤቱ በራሱ ዓይን እያየ ይገልበጥ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። አንድ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ተመረቀ። ጽሑፉ ውስጥ ሽማግሌዎቹ የተናገሩትን ከማስታወሻ ደብተሩ ላይ ባገኘው መጠን አስገባ፤ አማካሪው ግን «ይህ ክፍል ሳሳ» ብለው ነጥብ ቀነሱበት። እኔን አንድም ቀን አልተቆጣኝም። «አንተ ምን ታደርግ፣ አምጥቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» ነው ያለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም ሰው ላፕቶፑን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ «እሱ ያውቃል» የሚለው ስም እንደ ድሮው ደስ አይለኝም። እጄን ከማሳረፌ በፊት ወንበር ስቤ እቀመጥና «ከዚህ በፊት ምን ነክተህ ነበር?» እለዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።